«መደርደሪያዬ ሞልቷል፤ እጄ ግን አልታዘዝ ብሎኛል»

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። በግራፊክ ዲዛይን ተመርቄ በአንድ ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሥዕል እሥላለሁ። ከተማሪነቴ ጀምሮ ዓይኔን የሳበውን ነገር ሁሉ እሰበስባለሁ። መደርደሪያዬ ላይ ዛጎል የተሰፋበት አሮጌ አንቀልባ፣ አንድ ጠገራ ብር፣ የሰጎን እንቁላል፣ ግንባሩ ላይ ትንሽ ክብ መስታወት ያለው የማይሠራ የፊሊፕስ ሬዲዮ፣ የሐረር ሙዳይ፣ የሕንድ ፊልም ፖስተር፣ የጃፓን የእንጨት ኅትመት (በእንጨት ላይ ተቀርጾ የሚታተም ሥዕል) ቅጂዎች፣ እንዲሁም ከአንድ ነጋዴ የገዛሁት ዓይኖች የተሣሉበት የብራና ክታብ አሉ። ስልኬ ውስጥ ያጠራቀምኳቸውን ምስሎችማ ቁጥራቸውን አላውቀውም። ይህ ሁሉ እያለኝ ሸራ ፊት ስቀመጥ ምንም አይመጣልኝም። የጀመርኩትን ያየ የሥራ ባልደረባዬ «የሠርግ ቡፌ ይመስላል፤ ሁሉም አለበት፣ የአንቺ የሆነ ግን የለበትም» አለኝ። እናቴ በበኩሏ ክታቡን «መተት ነው» ብላ ከቤት እንዲወጣ ትፈልጋለች። ሁሉንም አስወግጄ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ባህል ብቻ ብወሰን የራሴ መልክ ይኖረኝ ይሆን? ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ፤ እርሱ ከተመለሰ የሌሎቹም መንገድ ይከፈታል።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መማር ለማንኛውም ሠዓሊ የሚጠቅም ትምህርት ነው፤ ይሁን እንጂ ከመደባለቅ ለመሸሽ ብለው ወደ እርሱ ከሄዱ እዚያም የሚጠብቅዎት ድብልቅ ነው። በብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምስለ ፍቁር ወልዳን ሥዕል ቀረብ ብለው ይመልከቱት። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ሁለት እጆቿን አንዱን በአንዱ ላይ አስተላልፋለች፤ የአንደኛው እጇ ሁለት ጣቶች ወደ ታች ተዘርግተዋል፣ በሌላው እጇ ደግሞ ትንሽ መሐረብ ይዛለች። ይህ አያያዝ ሮም ከተማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ከሚገኘው ጥንታዊ ሥዕል የመጣ ሲሆን፣ ቅጂው ወደ አገራችን የገባው በኢየሱሳውያን የካቶሊክ ሚስዮናውያን አማካይነት ነው። ሚስዮናውያኑን ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ከአገር አስወጧቸው፤ ያመጡት ሥዕል ግን ቀረ፤ ሠዓልያኑም ቅዱስ ሚካኤልንና ቅዱስ ገብርኤልን ሰይፋቸውን መዝዘው በግራና በቀኝ እንዲቆሙ አድርገው፣ ጥላውን አጥፍተው፣ መስመሩን አድምቀው የራሳቸው አደረጉት። ዛሬ ያንን ሥዕል አይቶ «የውጭ ነው» የሚል ሰው አላውቅም።

እንዲህ ያለው ነገር አንድ ጊዜ ብቻ የሆነም አይደለም። የጎንደር ዘመን ሠዓልያን እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 ሮም ውስጥ የታተመ የዐረብኛ ወንጌል አግኝተው፣ በውስጡ የነበሩትን የእንጨት ኅትመት ሥዕሎች እያዩ የግዕዝ ወንጌላትን አስጊጠዋል። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ ባለው የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ በዚያ ዘመን በተሣሉ የመኳንንት ልብሶች ላይ የሚታየው አበባማ ጥለት ከሕንድ ይመጣ የነበረውን ጨርቅ ያስታውሳል። የቆየ የብራና መጽሐፍ የማየት ዕድል ካገኙ ደግሞ የእንጨት ሽፋኑን (ገበታውን) ገልጠው በውስጥ በኩል ይመልከቱ፤ ድጉሱ ቆዳ ከአራቱም ጠርዝ ታጥፎ መሐል ላይ በሚተወው ክፍት ቦታ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፎ ያገኛሉ። ያ ቁራጭ አንዳንዴ የሕንድ፣ አንዳንዴም የቱርክ ወይም የአውሮፓ ጨርቅ ነው። ደጓሹ፣ ማለትም መጽሐፉን በቆዳ የሚለብጠው ባለሙያ፣ ከሩቅ አገር የመጣችውን ቁራጭ ጨርቅ መጣል አሳዝኖት፣ መጽሐፉን የሚከፍት ሰው ብቻ በሚያያት ቦታ አኖራት። ስለዚህ መሰብሰብና መደባለቅ ከባህሉ ያርቀኛል ብለው አይሥጉ፤ ባህሉ ራሱ ሲሠራ የኖረው እንዲሁ ነው።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እነዚያ ሠዓልያንና ደጓሾች ያገኙትን ነገር ሥራ ሰጥተውታል። የሮሙ ሥዕል እጃቸው ሲገባ መደርደሪያ ላይ አላስቀመጡትም፤ በእጃቸው ደግመው ደጋግመው ሣሉት፤ በሣሉት ቁጥርም ያልገባቸውን ጣሉ፣ የጎደላቸውን ጨመሩ። እርስዎ ግን፣ ደብዳቤዎ እንደሚያስረዳው፣ አንዱን ዕቃ ሳይሥሉት ወደ ሌላው ያልፋሉ። በዚህ ረገድ ባልደረባዎ የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ሁሉም ነገር መኖሩ ግን ጥፋት አይደለም፤ ቡፌውን ቡፌ የሚያሰኘው ከየዓይነቱ በጥቂት በጥቂቱ ተነሥቶ አንዱም በቅጡ ሳይበላ መቅረቱ ነው።

በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ መኳንንትና ምሁራን ድንቅ ያሉትን ነገር ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ የመሰብሰብ ልማድ ነበራቸው፤ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ የተሞላ የአዞ ሬሳ፣ የሩቅ አገር መሣሪያ፣ ሥዕልና ማዕድን ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። አብዛኞቹ ለእንግዳ ከሚታይ ጌጥ አላለፉም። በኮፐንሃገን የነበረው ሐኪም ኦሌ ቮርም ግን በየቤተ መንግሥቱ በከፍተኛ ዋጋ ይሸጥ የነበረውን «የባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ቀንድ» ይዞ ይህ ነገር በእውነቱ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1638ም ናርዋል የተባለ የሰሜን ዋልታ ባሕር ዓሣ ነባሪ ጥርስ መሆኑን አስረዳ። ቀንዱ ብዙ ቤት ነበረ፤ ጥያቄውን ያነሣ ሰው ግን ጥቂት ነበር።

እኔም የእርስዎን ዕቃዎች ዝርዝር ደግሜ ሳነብ ጥያቄው እርስዎ ሳያውቁት ከመካከላቸው እንዳለ ታየኝ። አንቀልባው ላይ የተሰፋውን ዛጎል ይመልከቱ፤ ክር እንዲገባለት ጀርባው ተፈግፍጎ ጠፍጥፏል፤ ወደ ውጭ የሚታየው ስንጥቁ ብቻ ስለሆነ ግማሽ የተከደነ ዓይን ይመስላል፤ ሕፃኑን ከክፉ ዓይን እንዲጠብቅም በማዘያው ላይ ይሰፋል። የሰጎን እንቁላል በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የሚደረገው ሰጎን እንቁላሏን ዓይኗን ሳትነቅል እያየች ትጠብቃለች ስለሚባል ነው። ክታቡ ላይ ያሉት ዓይኖች የታመመውን ሰው ለመጠበቅ፣ ያደረበትን መንፈስ ደግሞ አፍጥጠው ለማባረር የተሣሉ ናቸው። ሬዲዮው ግንባር ላይ ያለው ክብ መስታወት ደግሞ፣ እንደ ገመትኩት ከሆነ፣ በቱቦ በሚሠሩ አሮጌ ሬዲዮኖች ላይ የነበረው አረንጓዴ ዓይን ነው፤ ሲበራ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፤ ጣቢያው በትክክል ሲያዝ በብርሃኑ መካከል ያለው ጥላ እየጠበበ ይሄዳል፤ አድማጩም ቁልፉን እያዞረ ያንን ዓይን ያያል። ጠገራ ብሩ የሚመለከት ሳይሆን የሚመረመር ነው፤ 1780 የሚል ዓመትና የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን ይህን ብር ገበያተኛው ከመቀበሉ በፊት በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች በዓይኑ እየቆጠረ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጥ ነበር።

እንግዲህ ከስምንቱ ዕቃዎች አምስቱ የማየትና የመጠበቅ ነገር አላቸው። ይህ አጋጣሚ ነው ሊሉኝ ይችላሉ። እኔ ግን ሰው የሚሰበስበውን ነገር የሚመርጥበት ምክንያት ከአፉ በፊት በእጁ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። የሕንዱ ፖስተር፣ የጃፓኑ ኅትመትና ሙዳዩ ከዚህ ጥያቄ ውጭ ናቸው፤ አይጣሏቸው፤ ለጊዜው ግን ከዓይንዎ ፊት ያንሷቸው።

ከዚህ ላይ ስለ አንድ አሜሪካዊ ልንገርዎት። ጆሴፍ ኮርኔል (እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1972) የሥዕል ትምህርት ቤት ያልገባ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ኩዊንስ በሚባለው ሰፈር ከእናቱና ከታማሚ ወንድሙ ጋር የኖረ ሰው ነበር። ከአገሩ ሳይወጣ በየአሮጌ መጻሕፍት ሱቁ እየዞረ የተቆረጡ ሥዕሎችን፣ የሰዓት ብልቶችን፣ ካርታዎችንና ትንንሽ ብርጭቆዎችን ይለቅም ነበር፤ እነዚህንም በመስታወት በተከደኑ ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ እያቀናበረ የሠራቸው ሥራዎች ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ሰዎች የሚያደንቁት ሣጥኖቹን ነው፤ እኔ ደግሞ ምድር ቤቱን አደንቃለሁ፤ ያገኘውን ነገር ሁሉ በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ፣ በየካርቶኑ አኑሮ፣ በላዩ ላይ ምን እንደሆነ ጽፎበት ነበር። አንድ ሣጥን ሲሠራ ከዚያ ሁሉ የሚያነሣው ጥቂት ነው። እርስዎም ሦስቱን ዕቃዎች ካርቶን ውስጥ አድርገው በላዩ ላይ ይጻፉበት፤ ቀናቸው ሲደርስ ይወጣሉ።

ከአገር ቤት ምሳሌ ካስፈለገ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ አለ። ከመርካቶ የሚገዛቸውን ያገለገሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የኮምፒዩተር ማዘርቦርዶች፣ ቀደም ሲልም የልብስ ቁልፎችንና ክርን፣ እየጎነጎነና እየሰፋ በሰፊ ሰሌዳ ላይ ይሠራል፤ ቀለሙም የሽቦው ልባስ የራሱ ቀለም ነው። ምናለሽ ተራ ሄዶ ያንን ሁሉ ቁርጥራጭ ማየት ለማንም ክፍት ነው፤ ሥራ የሚሆነው ግን ለዓመታት አንድ ዓይነት ዕቃ ደጋግሞ የነካ እጅ ሲያገኘው ነው። ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታም የክታቡን ዓለም በቀጫጭን የቀርከሃ ቅንጣቢዎች ላይ አምጥቶታል። ሌላው ሠዓሊያችን እስክንድር ቦጎሲያን ፓሪስ በነበረበት ጊዜ ከአውሮፓዊው ሠዓሊ ከፖል ክሌና ከኩባዊው ሠዓሊ ከዊፍሬዶ ላም ሥራዎች ብዙ ተምሯል፤ ሆኖም የብራና ጥቅሉን ይዞ ነበርና ሥራውን አይቶ የማን እንደሆነ የሚጠራጠር የለም።

አሁን ወደ እጅዎ ልመለስ። ለጥቂት ወራት ምንም ዕቃ አይግዙ። ቆራሌው በበር ሲያልፍም ጆሮ አይስጡት፤ ይህ ለሰብሳቢ ሰው ከባድ ፈተና መሆኑን አውቃለሁ። ከቀሩት ዕቃዎች በየምሽቱ አንዱን ብቻ ከፊትዎ አስቀምጠው፣ ፎቶውን ሳይሆን ዕቃውን፣ በእርሳስ በትክክለኛ መጠኑ ይሣሉት። የሚሥሉት መልኩን ብቻ አይሁን፤ አሠራሩንም ይሣሉ፤ ክሩ በዛጎሉ ጀርባ እንዴት እንዳለፈ፣ የእንቁላሉ ቅርፊት ላይ ያሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ምን እንደሚመስሉ፣ የሬዲዮው ጨርቅ በእንጨቱ ላይ እንዴት እንደተወጠረ። (ሬዲዮው ይበራ እንደሆነ ለማየት ብለው ሶኬት ላይ እንዳይሰኩት አደራ፤ ውስጡ ያሉት ኮንደንሰር የተባሉ የኤሌክትሪክ ክፍሎች አርጅተዋልና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የዓይኑን አረንጓዴ ብርሃን ማየት ከፈለጉ ለቱቦ ሬዲዮ ጠጋኝ ያሳዩት።) እንዲህ ሲሠሩ አንድ ነገር ሲያሰለችዎት ይታገሡት፤ መሰልቸቱ የሚመጣው የምናውቀውን ሥለን ስንጨርስ ነው፤ የማናውቀውን የምንጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ንድፎቹን ወደ አንድ ሥራ ማምጣት ይኖርብዎታል፤ ለዚህም ሕግ ያስፈልግዎታል፤ ሕጉን ደግሞ ክታቡ ይስጥዎት። የብራና ክታብ ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራል፤ ጽሑፉም በጥቁርና በቀይ ቀለም ነው፤ ፊቶቹ ተመልካቹን ፊት ለፊት ያያሉ። ማተሚያ ቤት ስለሚሠሩ ከመቁረጫው ማሽን የሚወድቀውን ረጃጅም ቅንጥብጣቢ ወረቀት አለቃዎን አስፈቅደው መውሰድ ይችላሉ። እየቀጠሉ በራስዎ ቁመት ልክ ያድርጉት፤ ጥቁርና ቀይ ብቻ ይጠቀሙ፤ ዛጎሉን፣ እንቁላሉን፣ የሬዲዮውን ዓይንና የንግሥቲቱን ነጥቦች ከላይ ወደ ታች ያስፍሩ። የክታቡን ጸሎትና ስሞች ግን አይገልብጡ፤ እነርሱ ለአንድ ሰው ደኅንነት የተጻፉ ናቸውና ለጌጥ መዋል የለባቸውም። ባልደረባዎ «የአንቺ የሆነ የለበትም» ብሎ ነበር፤ በራስዎ ቁመት ልክ በተሠራ ሥራ ላይ ይህን መድገም ይከብደዋል። የመጀመሪያው ባይሳካ ሁለተኛውን ይጀምሩ፤ ሕጉን ግን ቢያንስ ሦስተኛውን እስኪጨርሱ አይለውጡት።

የእናትዎ ጉዳይ ቀላል አይደለምና በስሱ አላልፈውም። ክታብ ማሠራትን ቤተ ክርስቲያን የማትደግፈው በመሆኑ እናትዎ መፍራታቸው ካለማወቅ የመጣ አይምሰልዎት። ቤቱ የእርሳቸውም ነውና ክታቡን ከሳሎን ያንሡት፤ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ እርጥበትና ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡት። ሰላም ሲወርድ ደግሞ ለክርክር ሳይሆን ለመማር ይጠይቋቸው፤ በልጅነታቸው በሕፃን አንገት ላይ ምን ይታሰር ነበር፣ ዛጎል የት የት ይሰፋ ነበር፣ ቡዳ በላው የተባለ ልጅ ምን ይደረግለት ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ከየትኛውም መጽሐፍ የማያገኙትን ነገር እርሳቸው ሳያውቁት አይቀሩም፤ የሚነግሩዎትንም ከንድፍዎ ጎን ይጻፉት።

በሌላ በኩል ክታቡ ከየት እንደመጣ እርስዎም አያውቁም። ጽሑፉ ውስጥ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይኖራል፤ አንዳንዴም የቀድሞው ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ተተክቶበታል፤ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ቢያነብልዎት የማን እንደነበር በጥቂቱም ቢሆን ይረዳሉ። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከሰው ቤት የተሰረቀ ቅርስ በገበያ ላይ መኖሩ የታወቀ ስለሆነ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ወስደው ያሳዩት፤ መመዝገብ ካለበትም ያስመዝግቡት። ወደ ውጭ ለሚሄድ ዘመድ በስጦታ ለመስጠት አስበው ከሆነ ይተዉት፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ሸራ ላይ በሙጫ መለጠፍ ወይም ለኮላዥ (ቁርጥራጭ በማጣበቅ ለሚሠራ ሥዕል) መቁረጥ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ማየት ሲያምርዎት ስድስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይሂዱ፤ ከመሄድዎ በፊት ክፍት መሆኑን ይጠይቁ። እዚያ ዕቃዎቹ የተደረደሩት ከልጅነት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፤ የልጅ መጫወቻ፣ የአደን መሣሪያና የመቃብር ምሰሶ በአንድ ጥያቄ ሥር እንዴት ሊቀመጡ እንደሚችሉ ለእርስዎ ጥሩ ትምህርት ይሆናል። የንድፍ ደብተርዎን ይያዙ፤ ስልክዎን ግን ቦርሳ ውስጥ ይተዉት።

ስልኩ ውስጥ ስላሉት ምስሎች ብዙ የምለው የለኝም። ማየትንና መጠበቅን የሚመለከቱትን ብቻ መርጠው አንድ ገጽ ላይ በሚበቃ መጠን ያትሟቸውና ግድግዳ ላይ ይለጥፏቸው፤ ሌሎቹን ወደ ኮምፒዩተር አዛውረው ይዝጉባቸው። ሦስቱን የወረቀት ጥቅሎች ከጨረሱ በኋላ ፎቶአቸውን ቢልኩልን ምን እንደ ሠመረና ምን እንደ ጎደለ በዚሁ ዓምድ በዝርዝር እንነጋገራለን።